ከጌኮዬ ጋር ሰባት ወር፦ ቀለሟን ማንበብ ተማርኩ

ሰላም ወዳጆች። ስለ ጌኮዬ መጥቆር ጠይቄያችሁ ነበር፤ ዛሬ የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ጌኮ ግድግዳና ዛፍ ላይ የምትወጣ ትንሽ እንሽላሊት ነች፤ እኔ ጋ ያለችው ዝርያ ፌልሱማ ላቲካውዳ ትባላለች። አገሯ ሰሜን ማዳጋስካር፣ ኖሲ ቤ ደሴትና ኮሞሮስ ነው። ከነጭራዋ 12 ሴንቲሜትር ብትሆን ነው፤ መልኳ ግን! ገላዋ ለምለም አረንጓዴ፣ ማጅራቷና ትከሻዋ ላይ ወርቅ የተነሰነሰ የሚመስል ቢጫ ነጠብጣብ፣ ወገቧ ላይ ሦስት ቀያይ ምልክቶች፣ ከዓይኗ በላይ ሰማያዊ። ድሬዳዋ ያደግን ሰዎች የምናውቃት የግድግዳ ጌኮ ማታ አምፖል ሥር ነው የምትወጣው፤ ብሌኗም ብርሃን ሲበዛ ቀጭን ስንጥቅ ይሆናል። የእኔዋ ቀን ስለምትውል ብሌኗ ክብ ነው። የሚከደን የዓይን ቆብ ስለሌላት ዓይኗን በምላሷ እየላሰች ታጸዳለች። ይሄን ስታደርግ ባያት ባያት አልጠግብም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ቀኑን ሙሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ቡናማ ለመሆን ምንም ያልቀራት ነበረች። በሽታ መስሎኝ እንቅልፍ አጣሁ። ለካ ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ በየቀኑ እጄን ወደማኖርባት ሳጥን እየሰደድኩ ቅጠሉን አስተካክልላት ነበር። ይህች እንስሳ ሲበርዳትም ስትደነግጥም ትጠቁራለች። መብራቱን አንድ ጥግ ላይ ብቻ አድርጌ እዚያ 31 ዲግሪ እንዲሆን፣ ሌላው ጎን ቀዝቀዝ እንዲል አደረግኩ። የምትሸሸግበት ወፍራም ቀርከሃ አቆምኩላትና እጄን ሰበሰብኩ። ይህን ካደረግኩ በሦስተኛው ሳምንት ቀለሟ ፈካ። አሁን ቴርሞሜትሩን ሳላይ እሷን አያለሁ፦ ጠዋት ሳትሞቅ ብትጠቁር ግድ የለም፣ እኩለ ቀን ላይ ከጠቆረች ግን የሆነ ነገር አለ ማለት ነው።

አደራ፣ አትያዟት። ጭራዋን ጥላ ማምለጧ ብቻ አይደለም፤ ቆዳዋ ስስ ስለሆነ እጃችሁ ላይ ተልጦ ይቀራል። ማዛወር ሲያስፈልገኝ ራሷ ቀርከሃው ውስጥ ስትገባ ጠብቄ ከነቀርከሃው አነሳታለሁ።

አምስተኛው ወር ላይ አንገቷ ግራና ቀኝ ነጭ እብጠት አየሁ። ደነገጥኩ፤ ግን ለእንቁላል ቅርፊት የምታጠራቅመው ካልሲየም ነው። ፌንጣዎቹን በካልሲየም ዱቄት የማለብሰው በከንቱ አልነበረም። ፌንጣ ስታድን መጀመሪያ ደርቃ ትቀራለች፣ ጭራዋ ጫፉ ብቻ ይወዛወዛል፣ ከዚያ ዘልላ ትይዘዋለች። በደሴቷ ግን የአበባ ማርም ትልሳለች፤ ስለዚህ በሳምንት ሁለቴ የበሰለ ማንጎ ፈጭቼ በክዳን አስቀምጥላታለሁ።

ትናንት በሩን ስከፍት አልሸሸችም። ቀለሟም አልተለወጠም፤ ክዳኑን ሳስቀምጥ ከቀርከሃው ወርዳ መላስ ጀመረች።