ከተቆለፈ ፎልት ጥልቀት ማውጣት፦ እስካሁን የደረስኩበት

በካሊፎርኒያ ያለው የሳን አንድሪያስ ፎልት (ሁለት የመሬት ቅርፊት ክፍሎች ተካክከው የሚንሸራተቱበት ስንጥቅ) ጥናቴ ካርታ ከማየት አልፎ ቁጥር መስጠት ጀምሯል። መነሻው ይህ ነው፦ የፓስፊክ ፕሌት (ግዙፍ የመሬት ቅርፊት ሰሌዳ) የሰሜን አሜሪካን ፕሌት ታክኮ በዓመት ወደ 50 ሚሊሜትር ይጓዛል፤ 35 ያህሉን የሚሸከመው ይህ ፎልት ነው። የላይኛው ክፍል በሰበቃ ስለተቆለፈ በሁለቱም ወገን ያለው ዐለት ይለመጣል፤ ሰበቃው ሲሸነፍ መሬት ይንቀጠቀጣል።

ጊዜዬን የበላው ሁለት ቁጥሮችን መነጣጠል ነው፦ ከተቆለፈው ክፍል ሥር ያለውን የመንሸራተት ፍጥነትና የተቆለፈውን ጥልቀት። ስሌቱ አጭር ነው። የጂፒኤስ ጣቢያው ከፎልቱ ያለውን ርቀት ለጥልቀቱ አካፍሉ፣ አርክታንጀንቱን በሬዲያን ውሰዱ፣ በፍጥነቱ አባዙ፣ ለፓይ አካፍሉ፤ የሚወጣው ጣቢያው በፎልቱ አቅጣጫ የሚጓዝበት ፍጥነት ነው፣ ከርቀት ጋር ሲሣልም ኩርባ ይሠራል። አስቀድማችሁ ግን የጂፒኤሱን የምሥራቅና የሰሜን ፍጥነት ወደ ፎልቱ አቅጣጫ መልሱ፤ ይህን የዘለለ ሰው ኩርባው ለምን እንደተንጋደደ ሲፈልግ ይውላል።

ጣጣው ፎልቱ አጠገብ ነው። እዚያ የኩርባውን ተዳፋት የሚወስነው የሁለቱ ቁጥሮች ጥምርታ ብቻ ነው። 35 ሚሊሜትር ከ15 ኪሎሜትር ጋርም ሆነ 28 ከ12 ጋር ጥምርታው አንድ ነው። 10 ኪሎሜትር ላይ የመጀመሪያው 6.6፣ ሁለተኛው 6.2 ሚሊሜትር ይሰጣል፤ ልዩነቱ በመለኪያው ስህተት ሊዋጥ ይችላል። 60 ኪሎሜትር ላይ ግን 14.8 እና 12.2 ይሆናሉ። ስለዚህ ፍጥነቱን የሚነግሯችሁ ሩቆቹ ጣቢያዎች ናቸው፤ ጥልቀቱ የሚወጣው እሱ ከታወቀ በኋላ ከቅርቦቹ ነው። ቅርብ ጣቢያ ማብዛት ብቻውን ትርፉ ድካም ነው።

ሩቆቹም ቢሆኑ ጣጣ አላቸው፦ ትይዩ ፎልት ካለ የእሱንም እንቅስቃሴ ይቀላቅላሉ። በደቡብ ሳን ሃሲንቶ፣ በሰሜን ሄይዋርድ አለ። ለጀማሪ ካሪዞ ሜዳ ይሻላል። እዚያ ዋላስ ክሪክ የተባለው ጅረት በ3700 ዓመት ገደማ ወደ 130 ሜትር ተዛንፏል፤ ስታካፍሉት በዓመት 35 ሚሊሜትር አካባቢ ይመጣል። ከጂፒኤሱ ጋር ማመሳከሪያ የሚሆን ቁጥር ነው።

ሶፍትዌሩ ምርጡን ጥንድ ራሱ ይፈልግ የሚለው ምክር አይዋጥልኝም። አንድ ጥንድ አውጥቶ እርግጠኛ ያስመስላችኋል። ፍጥነቱን ከ20 እስከ 45፣ ጥልቀቱን ከ5 እስከ 25 በየአንዱ እየቀያየራችሁ የስህተቱን (ስሌቱ ከመለኪያው የራቀበትን መጠን) ካርታ ሣሉ። ስህተቱ ዝቅ ያለበት ረጅም ሰያፍ ሸለቆ ከታያችሁ ዳታችሁ ሁለቱን አልለየም ማለት ነው።

ፎልቱ ላይ ካለችው ከፓርክፊልድ መንደር ሰሜን ምዕራብ ያለውን ክፍል በዚህ ቀመር አትንኩት። ፎልቱ እዚያ ሳይቆለፍ ስለሚንፏቀቅ፣ ፍጥነቱ ፎልቱ ላይ ሲደርስ ኩርባ ሳይሆን ደረጃ ይሠራል። በራሱ በፓርክፊልድ ዙሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2004 መንቀጥቀጥ በፊት ያለውን ዳታ ብቻ ውሰዱ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ለዓመታት የዘለቀ የድኅረ መንቀጥቀጥ መንሸራተት ተቀላቅሎበታል።