ርካሹ ሰይፍ፣ ውዱ ሰይፍ እና የእኔ ካሊፐር

ቤቴ ውስጥ ሦስት ረጃጅም ሰይፎች አሉ። ሦስቱም በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ በሁለት እጅ ይያዝ የነበረው ሰይፍ ቅጂዎች ናቸው። የሁለተኛው ዋጋ የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ ነበር። የሦስተኛው ደግሞ የሁለተኛውን አራት እጥፍ። መሰብሰብ የሚጀምር ሰው ባገኘኝ ቁጥር የሚጠይቀኝ ያው ነው፦ "ሁሉም ብረት አይደል? ያን ሁሉ ገንዘብ ምኑ ላይ ነው ያወጣኸው?"

እኔ የብረት ሥራ ሰው ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቶርኖ ላይ ቆሜ ነው የምውለው። መልሱን ያገኘሁትም በካሊፐር (ውፍረት በሚለካው መሣሪያ) ለክቼና በሞረድ ፍቄ ነው። ጊዜ ወስዶብኛል።

ከመጀመሪያው ልጀምር። እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ እጀታው መጨረሻ ላይ የአንበሳ ፊት ያለበት ሰይፍ ነው። ሳጥኑን ስከፍት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ነገር ነዋ። ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። አንዳንድ ማታ እያወረድኩ ሳሎን ውስጥ አወዛውዘው ነበር።

ዓመት ገደማ ሲሆነው እጀታው ውስጥ የሆነ ነገር ቅጭል ቅጭል ማለት ጀመረ። ሥራ ቦታ ወስጄ ፈታሁት። ከጉልላቱ ሥር አንድ ዳዶ አለ። (ጉልላት የምለው እጀታው ጫፍ ላይ ያለውን ድብልብል ብረት ነው።) ዳዶውን አውጥቼ እጀታውን ሳብኩት። ውስጡ ከእርሳስ የማይወፍር ክብ ዘንግ ወጣ። ያ ዘንግ ከሰይፉ ጋር የተያያዘው በአንዲት ትንሽ ብየዳ ብቻ ነው። ሰብሳቢዎች "የአይጥ ጅራት" የሚሉት ይሄንን ነው። ሰይፉን ሞርሳ ላይ አስሬ ዘንጉን በእጄ ወደ ጎን ገፋ አደረግሁት። ቀጭ አለ። ብየዳው ለቀቀ።

እዚያው ቆሜ የእህቴን ልጆች አሰብኩ። ያንን ነገር ስንቴ ነው እነሱ ፊት ያወዛወዝኩት? ወደ 90 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ሹል ብረት በአንዲት ደካማ ብየዳ ተንጠልጥሎ ነበር። ስለዚህ ይህንን በግልጽ እላለሁ። ለግድግዳ ጌጥ ብቻ ከሆነ ርካሹን የማይዝግ ብረት ግዙ፤ ችግር የለውም። ግን አታወዛውዙት። አንድም ቀን። የማይዝግ ብረት ለቢላ ጥሩ ነው። በሰይፍ ርዝመት ሲሆን ግን ምት ሲያርፍበት የመሰበር አደጋው ከፍ ይላል። በዚያ ላይ ጅራቱ እንዲህ ከሆነ ጨርሶ አይታመንም።

ሁለተኛውን የገዛሁት ስለዚህ ነገር ካነበብኩ በኋላ ነው። ብረቱ 1060 ይባላል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች የካርቦኑን መጠን ይናገራሉ፤ 0.60 በመቶ ገደማ ማለት ነው። 5160 የሚባለው ክሮሚየም የተጨመረበት ነው፤ የመኪና ባሌስትራ የሚሠራበት ብረት። 6150 ደግሞ ክሮሚየምና ቫናዲየም አለው። ሦስቱም ጥሩ የሰይፍ ብረቶች ናቸው። ከቁጥሩ ይልቅ የሚበልጠው የእሳቱ ሥራ ነው። ብረቱ እስኪቀላ ይሞቃል፤ በዘይት ውስጥ ድንገት ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ በዝቅተኛ ሙቀት ተመልሶ ይለዝባል። ያኔ ሲያጎብጡት ተመልሶ ይቃናል። ብዙዎቹ ጥሩ ቅጂዎች በሮክዌል መለኪያ ከ48 እስከ 54 ባለው ጥንካሬ ውስጥ ናቸው።

ይህ ሁለተኛው ሐቀኛ ሰይፍ ነው። እጀታው ውስጥ የሚገባው ጅራቱ ሰፊና ከሰይፉ ጋር አንድ ወጥ ነው። ጫፉ በጉልላቱ ቀዳዳ አልፎ ወጥቶ፣ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ተጠፍጥፏል። ዳዶ የለውም። ጉልላቱን በመዳፌ ስመታው ምንም አይንኳኳም።

ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። ስይዘው ጫፉ መሬት መሬት ይላል። ወደ ግራ ጀምሬ ወደ ቀኝ ልመልሰው ስል እምቢ ይላል። ሲቆምም ጫፉ እንደ አለንጋ ይርገበገባል። መጀመሪያ ጥፋቱ የእኔ ክንድ መሰለኝ። በቃ፣ ሰይፍ ከባድ ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

ሦስተኛውን ለመግዛት ሦስት ዓመት አጠራቀምኩ። ካዘዝኩት በኋላ ደግሞ 14 ወር ጠበቅኩ። የመረጥኩት በኦክሾት አመዳደብ አሥራ አምስት ኤ የሚባለውን ነው። ኤዋርት ኦክሾት እንግሊዛዊ ተመራማሪ ነበር። የመካከለኛው ዘመን ሰይፎችን በቅርጻቸው ከአሥረኛ እስከ ሃያ ሁለተኛ ዓይነት የመደባቸው እሱ ነው። ሰብሳቢ ሁሉ ዛሬም የሚነጋገረው በእነዚያ ቁጥሮች ነው። አሥራ ሦስት ኤ ሰፊ፣ ጎንና ጎኑ እኩል የሚሄድ፣ ለመቁረጥ የተሠራ ትልቅ ሰይፍ ነው። አሥራ አምስት ኤ ግን ከመነሻው ጀምሮ እየጠበበ ሄዶ እንደ መርፌ ይሾላል። ወርዱን ቢቆረጥ ፊቱ የአልማዝ ቅርጽ አለው፤ መሃሉ ላይ ሸንተረር ይወጣል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ጥሩሩ እየጠነከረ ሲመጣ ገኖ የወጣ ቅርጽ ነው።

ሳጥኑ የመጣው ቅዳሜ ነበር። ሰይፉን አንስቼ አንዴ አዞርኩት። ከዚያ ቁጭ አልኩ። ከእጄ ቀድሞ ይሄዳል። ባሰብኩበት ቦታ ይቆማል። ወዲያው ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ በጣም ቀላል መሆን አለበት ብዬ። ሚዛኑ 1540 ግራም አለኝ። ሁለተኛውን አስቀመጥኩ፤ 1620። ልዩነቱ 80 ግራም ብቻ! ይህ ሁሉ ስሜት በ80 ግራም ሊመጣ አይችልም።

ሰኞ ሁለቱንም ይዤ ሥራ ገባሁ። ካሊፐሩን አወጣሁ። ሁለተኛው ሰይፍ መስቀለኛው ብረት (እጀታው መነሻ ላይ እጅን የሚከልለው) አጠገብ 5.0 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። መሃሉ ላይ 4.9። ከጫፉ 5 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ 4.7። በሌላ አነጋገር እኩል የሆነ ላሜራ ነው፤ የሰይፍ ቅርጽ ተቆርጦለት፣ ጠርዙ ተስሎ የቀረበ። ውዱን ለካሁ። መስቀለኛው ብረት አጠገብ 6.8። መሃሉ 4.6። ጫፉ አካባቢ 2.6።

ውዱ ሰይፍ እጀታው ዘንድ ከሁለተኛው ይወፍራል። ይህንን አልጠበቅኩም ነበር። ውድ ማለት ስስ ማለት ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ብረቱን ማሳነስ አይደለም። ከጫፉ ወስዶ ወደ እጅ ማምጣት ነው። እጅ አጠገብ ያለ ክብደት አይሰማም። ጫፍ ላይ ያለ እያንዳንዱ ግራም ግን በክንድ ይከፈላል። ጥንታዊዎቹ ሰይፎችም በአብዛኛው እንዲሁ ናቸው፤ መነሻቸው ወፍራም፣ ጫፋቸው ስስ። ሰይፍ ሰሪዎቹ ካሊፐር ሳይኖራቸው ይህን አውቀውታል። ረጅም ሰይፍ አሥር ኪሎ ይመዝን ነበር የሚል ወሬ ስሰማ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። አብዛኞቹ ከ1.1 እስከ 1.8 ኪሎ ናቸው።

እዚህ ላይ ገዢዎችን የሚያታልል አንድ ነገር አለ። ሻጮች "ሚዛኑ ከመስቀለኛው ብረት ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ ነው" የሚል ቁጥር ይጽፋሉ፤ ሚዛን የሚሉት ሰይፉ በጣት ላይ ሲደገፍ ሳያዘነብል የሚቆምበትን ቦታ ነው። ጥሩ ቁጥር ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ምክንያቱም ከባድ ጉልላት በመግጠም ብቻ ሚዛኑን ወደ እጅ ማምጣት ይቻላል። ጫፉ ግን ያው ከባዱ ጫፍ ነው። አልተነካም። ሰይፉ በጣት ላይ ቆሞ ሲታይ ያማረ ይመስላል፤ ሲንቀሳቀስ ግን ድንጋይ ነው። ስለዚህ ሻጩን ውፍረቱን ጠይቁት፦ መነሻው ላይ፣ መሃሉ ላይ፣ ጫፉ አጠገብ። ሦስቱን ቁጥር የሚነግራችሁ ሻጭ ምን እንደሚሸጥ ያውቃል።

ይህንን ካወቅኩ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ሁለተኛውን ሰይፍ እኔው ራሴ ባስተካክለውስ? ሞረድ አለኝ። ብርጭቆ ወረቀት አለኝ። ብረት አውቃለሁ። ሰይፉ ላይ በቀለም መስመር አሰመርኩ፤ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ምን ያህል ውፍረት መውረድ እንዳለበት ጻፍኩ። ከዚያ ጀመርኩ።

11 ቅዳሜና እሁድ ፈጀብኝ። በመፍጫ ማሽን ቶሎ ላልቅ እችል ነበር። ግን ብረቱ ከመጠን በላይ ከሞቀ ጥንካሬው ይሄዳል፤ ሰማያዊ ሲሆን ካያችሁት ዘግይታችሁ ይሆናል። ስለዚህ አብዛኛውን በእጅ ሞረድኩት። ማሽን ስጠቀም በየጥቂት ሰከንዱ ውሃ ውስጥ እነክረው ነበር። አንዱን ጎን ስነካ ሌላውን በዚያው ልክ መንካት አለብኝ። ያለዚያ ይጣመማል። ሰባተኛው ሳምንት ላይ ጫፉ አካባቢ ትንሽ ጎድጎድ አደረግሁት። ያንን ጉድጓድ ለማጥፋት ዙሪያውን ሁሉ ማውረድ ነበረብኝ። ያንን ሳምንት አልረሳውም። ጣቶቼ በብረት ብናኝ ጠቁረው ሰኞ ሥራ እገባ ነበር።

ሲያልቅ 140 ግራም ብረት ወርዷል። ሚዛኑ ከመስቀለኛው ብረት 15.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ነበር፤ ወደ 11 ገደማ ገባ። ሌላ ሰይፍ ሆነ። ውዱን አያክልም፤ መነሻው 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነውና። የሌለ ብረት አይጨመርም። ግን አሁን ሲዞር ይታዘዛል።

የዋጋው ልዩነት የገባኝ ያኔ ነው። ውዱ ሰይፍ የተጀመረው ከወፍራም ብረት ነው። አንድ ሰው ያንን ብረት በጥንቃቄ አውርዶ፣ አውርዶ፣ አብዛኛውን ወለል ላይ ጥሎታል። የከፈልኩት ለወለሉ ብናኝ ነው ማለት እችላለሁ። እኔ 11 ሳምንት የለፋሁበትን ሥራ።

ለልኬቱም ከፍያለሁ። አንድ ሰው ሄዶ እውነተኛዎቹን ሰይፎች መለካት አለበት። ስዊድናዊው ሰይፍ ሰሪ ፒተር ዮንሶን በአውሮፓ ሙዚየሞች ብዙ ጥንታዊ ሰይፎችን በእጁ ይዞ መዝግቧል። ለአሜሪካው ሰይፍ አምራች አልቢየን የነደፋቸው ሰይፎች ከዚያ ጥናት የመጡ ናቸው። ከሩቅ ፎቶ እያዩ ከተሠሩት ጋር ስታወዳድሩት ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ፎቶ ወርድና ርዝመት ያሳያል። ውፍረት አያሳይም።

አሥራ አምስት ኤ ላይ ደግሞ ይህ ነገር ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1410 ገደማ ጣሊያናዊው የሰይፍ መምህር ፊዮሬ ዴይ ሊበሪ ያዘጋጀው የሥዕል መጽሐፍ አለ። ጥሩር የለበሱ ሰዎች ግራ እጃቸውን የሰይፉ መሃል ላይ አድርገው እንደ አጭር ጦር ሲጠቀሙበት ይታያል። ለዚህ ሰይፉ ግትር መሆን አለበት። ግትርነቱን የሚሰጠው ያ የመሃሉ ሸንተረር ነው። ስስና ጠፍጣፋ አድርገው የሚሸጧቸው ርካሽ አሥራ አምስት ኤዎች ፎቷቸው ያምራል፤ ጫፋቸውን እንጨት ላይ ገፋ ስታደርጉት ግን ይጎብጣሉ። በርካሽ የሚገዛ ሰው አሥራ ሦስት ኤን ቢመርጥ ይሻለዋል። ሰፊ ሰይፍ እንዲህ ያለውን ጉድለት በተሻለ ይሸከማል።

ውድ የሆነ ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ ግን አይደለም። አንድ የማውቀው ሰብሳቢ ከእኔ ሦስተኛ ሰይፍ የሚበልጥ ገንዘብ ከፍሎ የገዛውን አሳየኝ። ጉልላቱ በወርቅ ተቀብቷል። ብረቱ ላይ የላቲን ጽሑፍ ተቀርጿል። አፎቱ በቀይ ቬልቬት ተሸፍኗል። ካሊፐሬን አውጥቼ ለካሁ፤ 5.2፣ 5.1፣ 5.0። ምንም አላልኩትም፤ በጣም ይወደው ነበርና። ግን አሳዝኖኛል። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣው ዓይን የሚያየው ላይ ብቻ ነው።

ጌጥ ሳይሆን ሰይፍ የሚፈልግ ሰው ጥቂት ገንዘብ ካለው ምን ያድርግ? ከእኔ መጀመሪያ ይልቅ የእኔን ሁለተኛ ይግዛ። የካርቦን ብረት፣ ሰፊ ጅራት፣ የማይንኳኳ እጀታ። እነዚህ ሦስቱ ካሉ አልተታለለም። ማስጌጫው፣ አፎቱ፣ የተሳለው ስለት ይቅር። ስለቱ እንዲያውም ከዋጋው ትንሹ ክፍል ነው፤ ማንም ሞረድ የያዘ ሰው ሊያወጣው ይችላል።

ስለ ዝገት አንዲት ነገር ላንሳ። የካርቦን ብረት የጣት አሻራን ይይዛል። ውዱን ሰይፍ በገዛሁ በሁለተኛው ወር ከነካሁት በኋላ ሳልጠርገው አድሬ አራት ቡናማ ነጥቦች አገኘሁበት። አራቱም የጣቶቼ ናቸው። አሁን በነካሁት ቁጥር በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ ስስ የማዕድን ዘይት እቀባዋለሁ። ቆዳ አፎት ውስጥም አላስቀምጠውም፤ ቆዳው እርጥበት ይይዛልና።

ሰሞኑን አንድ ርካሽ አሥራ ሦስት ኤ አዝዣለሁ። ብረቱ 5160 ነው። ሻጩን ውፍረቱን ጠየቅኩት፤ መነሻው 6.5፣ ጫፉም 6.2 አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይሸሸው ነበር። እኔ ግን ደስ ብሎኛል። መነሻው ላይ በቂ ብረት አለ፤ ጫፉ ላይ ያለውን ደግሞ የማወርደው እኔ ነኝ። የቀለሙን መስመሮች ወረቀት ላይ አስቀድሜ አሰላሁ። ሞረዶቹንም በአዲስ ቀይሬያለሁ።