ኩዊን ጎዳና ላይ ያወጣሁት ካርድ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ኩዊን ጎዳና ላይ ወዳለው የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ካርድ አወጣሁ። መታወቂያዬንና የቤት ኪራይ ውሌን አሳየሁ፤ ሠራተኛዋ የአባቴን ስም ፊደል በፊደል አስነግራኝ መዘገበችና አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ካርዱን ሰጠችኝ። ሌሊት መኪና ማቆሚያ ውስጥ እየሠራሁ ቀን ቀን እንግሊዝኛ የማጠናው እዚያ ነበር።

አንድ ሌሊት አብሮኝ ተረኛ የነበረ፣ እዚያው ከተማ ተወልዶ ያደገ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ካርዱን አይቶ፣ «እናቴ በልጅነቷ እዚያ መግባት አይፈቀድላትም ነበር» አለኝ። ታሪኩን የሰማሁት ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 21 ቀን 1939 አምስት ጥቁር ወጣቶች ተራ በተራ ገብተው ካርድ ጠየቁ፤ ሲከለከሉ ከመደርደሪያው አንድ አንድ መጽሐፍ አንስተው በየጠረጴዛው ለየብቻ ተቀመጡና ድምፃቸውን ሳያሰሙ ማንበብ ጀመሩ። ፖሊስ ተጠርቶ ወሰዳቸው፤ የተከሰሱትም ሥርዓት በማወክ ነው። ዝም ብሎ ማንበብ ሁከት ተብሎ መጻፉ ዛሬም ያመኛል።

ይህን ያቀደው የከተማው ልጅ ሳሙኤል ዊልበርት ታከር፣ የሕግ ትምህርት ቤት ሳይገባ በግሉ አጥንቶ ጠበቃ የሆነ የ26 ዓመት ወጣት ነበር። ከተማው ግን በሩን በመክፈት ፈንታ በ1940 ለጥቁሮች ብቻ የሚሆን፣ ሮበርት ሮቢንሰን የተባለ አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት ሠራ፤ ታከርም የዚያን ቤት ካርድ እንደማይቀበል በደብዳቤ አሳወቀ። ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ይህ እምቢታ ነው፤ ለዓመታት የተነፈገ ሰው የጠየቀውን የሚመስል ነገር ሲዘረጉለት እጁን መሰብሰብ እጅግ ይከብደዋልና። የአምስቱ ክስ በፍርድ ቤት በይፋ የተሰረዘው ከ80 ዓመት በኋላ፣ በ2019 ነው።

በእኛ ዘንድ ቡና ላይ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ሲነሳ «እኛ እንደ እነሱ አይደለንም» የሚል ቃል ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ እኔም ብዬዋለሁ፣ አሁን ግን አፍርበታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1988 ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ውስጥ ሙሉጌታ ሥራው የተባለውን ኢትዮጵያዊ ወንድማችንን በዱላ ደብድበው የገደሉት ነጭ ዘረኞች ያዩት ቆዳውን ነው። በ1965 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግም የሰሜንና የምዕራብ አውሮፓን ሰዎች ያስቀድም የነበረውን ኮታ የሻረው የጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል አገሪቱን ባነቃነቀበት ወቅት ነው፤ ባይሻር ኖሮ ብዙዎቻችን እዚህ ባልደረስን ነበር።

የሮቢንሰን ቤተ መጻሕፍት ዛሬ የከተማው የጥቁሮች ታሪክ ሙዚየም ሆኗል። ባለፈው ክረምት ልጄን ይዤ ከኩዊን ጎዳና ተነሥተን በእግራችን ሄድን፤ መንገዱ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በሩ ላይ ስንደርስ፣ «አባዬ፣ ያኛው እዚህ ቅርብ እያለ ይኼን ለምን ሠሩት?» አለችኝ።

«ወደዚያኛው እንዳይገቡ ነው፣ ልጄ» አልኳት።