አንድ ክሬዲት ያላት ላብ

በፊዚክስ ዲግሪ ትምህርት ውስጥ ተማሪ ገና በስማቸው የሚፈራቸው ኮርሶች አሉ፤ ኳንተም መካኒክስ፣ ኤሌክትሮዳይናሚክስ፣ ስታቲስቲካል ፊዚክስ። እኔም ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ የምጨነቀው ገና ለሚመጡት ለእነዚህ ነበር እንጂ፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ የምትወስድብንን የአንድ ክሬዲት ላብ፣ ማለትም የቤተ ሙከራ ኮርስ፣ ከቁም ነገር አልቆጠርኳትም።

ሥራው ቀላል ነው። በአንድ ሜትር ክር የተንጠለጠለችን የብረት ኳስ ትንሽ ገፋ አድርጎ ለቅቆ፣ 20 ሙሉ ምልልስ የፈጀባትን ጊዜ በስቶፕዎች መያዝ፣ ከዚያም የስበትን መጠን፣ ማለትም ጂን፣ ማስላት ነው። እኛ 40.24 ሰከንድ አገኘን፤ ጂ 9.75 ሆነ። መጽሐፉ 9.81 ስለሚል ማታ ዶርም ውስጥ 40.24ን ወደ 40.12 «አስተካክለን» አስገባን። (ይህን ያላደረገ የፊዚክስ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ።)

መምህራችን ሪፖርቱን ሲመልሱልን በቀይ እስክሪብቶ የጻፉት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «የት ሆናችሁ ነው የለካችሁት?»

9.81 በአውሮፓ ኬክሮስ፣ በባሕር ወለል አካባቢ የሚገኝ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ግን ለምድር ወገብ የቀረበች፣ ከባሕር ወለልም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ እዚህ ጂ ወደ 9.77 ይጠጋል። የሚያሳፍረው፣ የምድር መሽከርከር ስበትን እንዴት እንደሚቀንስ በዚያው ሴሚስተር በመካኒክስ ኮርስ ተምረን፣ ፈተና ላይም ሠርተነው ነበር፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያወቅነውን ነገር ክር ላይ ተንጠልጥሎ ስናየው አላወቅነውም።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ቁጥራችንም የሚያኮራ አልነበረም። በ20 ምልልስ በ9.77ና በ9.81 መካከል የሚፈጠረው የጊዜ ልዩነት 0.08 ሰከንድ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ስቶፕዎች የሚጫን እጅ ደግሞ በ0.2 ሰከንድ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ በሐቀኝነት ሊጻፍ የሚገባው 9.75 ሲደመር ሲቀነስ 0.1 ነበር፤ ይህ ደግሞ ሁለቱንም ቁጥሮች ያቅፋል። እኛ ያጭበረበርነው ጭራሽ ማጭበርበር በማያስፈልግበት ቦታ ነው።

መምህሩ ነጥብ ሳይቀንሱ እንደገና እንድንሠራ አዘዙን። በዚህኛው ዙር የክሩን ርዝመት እስከ ኳሷ መሃል ድረስ ለካንና 200 ምልልስ ለመቁጠር ተነሣን፤ ልዩነቱ ያን ጊዜ 0.8 ሰከንድ ስለሚሆን በእጅም ይለያል። አንድ ሙከራ ሰባት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። 140 አካባቢ ቆጠራው ጠፋብንና ኳሷን አቁመን ከአንድ ጀመርን።