በርጩማችሁን ይዛችሁ ኑ

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! 2018 የሰላም፣ የጤናና የጥጋብ ዓመት ይሁንላችሁ። ቤት ያላችሁ ቤታችሁ በሰው ይሙላ። ተከራዮች ደግሞ አከራያችሁ ዘንድሮ ይርሳችሁ። አሜን በሉ።

ሌላ ጊዜ የአደይ አበባ ፎቶ ልኬላችሁ እሰወር ነበር። ዘንድሮ ግን አንድ ልጅ ነገር ቀሰቀሰብኝ።

ትናንት ማታ በር ተንኳኳ። ስከፍት የጎረቤት ልጅ ነው፤ ቢበዛ 9 ዓመቱ ነው። የእንቁጣጣሽ ሥዕል ይዟል። "በዓሉ እኮ ነገ ነው" አልኩት። "ነገ ብዙ ልጅ ስለሚመጣ ነው" አለኝ። ነጋዴ! 50 ብር ሰጠሁትና "ምን ልታደርግበት ነው?" አልኩት። "ካርድ ልሞላ።" ስልኩ የእናቱ ነው፤ ካርዱ ግን የሱ።

እኔ በሱ ዕድሜ ሳለሁ አዳማ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ መልሱ አንድ ብቻ ነበር፤ ሲኒማ።

ጷግሜን በሙሉ ስስል እከርም ነበር። ችግሩ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነው። የምስለው መልአክ አንድ እግሩን ወደ ላይ ሰንዝሮ ይቆማል። ሰይፉን የሚይዘው እንደ ካራቴ ፊልም አክተር ነው። እማዬ አንዱን አንስታ አየችና "ይሄ ሚካኤል ነው ወይስ ወጠምሻ?" አለችኝ። ጎረቤቶች ግን አይጨክኑም። አንዱ 10 ሳንቲም፣ አንዱ 25 ሳንቲም ይሰጣል። እህቶቼ "አበባየሆሽ" ብለው ከኔ የበለጠ ይሰበስባሉ፤ ሲሻኝ ከነሱም እበደራለሁ። እስከዛሬ አልከፈልኩም።

ከሰዓት በኋላ ጉዞ ወደ ሲኒማ ቤት። ደጁ ላይ የሸንኮራ ሻጮች ተደርድረዋል። የአዳማ ልጅ ያውቀዋል፤ ወንጂ አፍንጫችን ስር ስለሆነ ፈንዲሻችን ሸንኮራ ነው። እየላጥን፣ እየመጠጥን፣ ምጣጩን እግራችን ስር እንጥላለን። ፊልሙ ሲያልቅ ወለሉ ገለባ የተነጠፈበት ይመስላል። ስትራመድ ጫማህ ይጣበቃል። ከላይ ደግሞ የአዳማ ነፋስ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ዛሬ ተርባይን ተክለው መብራት የሚያወጡበት ነፋስ ያኔ ሥራው የፊልም ድምፅ መረበሽ ነበር።

ማሽኑን የሚያጫውቱትን ሰውዬ ጋሼ ኦፕሬተር እንላቸዋለን። ስማቸውን የጠየቀ ልጅ ትዝ አይለኝም። አንድ ቀን ለምኜ ማሽኑ ክፍል አስገቡኝ። እሳት ነው፤ ሙቀቱ! አንድ ፊልም 5 ወይም 6 ጥቅል እንደሆነ፣ አንዱ ጥቅል ቢበዛ 20 ደቂቃ እንደሚሄድ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ትልልቅ ሲኒማ ቤቶች ሁለት ማሽን ጎን ለጎን ያቆማሉ። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል፤ ተመልካች አያውቅም። የኛው አንድ ማሽን ነበረው። ስለዚህ አክተሩ ገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ መብራት ይበራል። ፉጨት! ጩኸት! ጋሼ ኦፕሬተር ግን አይቸኩሉም።

"በአንድ ሰከንድ 24 ሥዕል ነው የሚያልፈው" አሉኝ የዚያን ቀን። "አንተ በስንት ቀን 24 ሥዕል ትስላለህ?" አፈርኩ።

ፊልሙ እኛ ጋ ሲደርስ አርጅቶ ነው። አዲስ አበባ ጠግባ ስትጨርስ በመኪና ይላክልናል። ተቧጭሯል፤ ተቀጣጥሏል። አንዳንዴ ቁልፉ ቦታ ተቆርጦ ይዘላል። አክተሩ በር ሲከፍት እናየዋለን፤ ቀጥሎ ሆስፒታል ተኝቷል። ምን እንደደረሰበት ማንም አያውቅም። እስኪመሽ እንከራከርበታለን። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን የተቆረጠውን ክፍል የኛ ሰፈር ልጆች ከዳይሬክተሩ አሳምረን ሠርተነዋል።

በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ሲኒማ ሲጀመር ሕዝቡ ቤቱን "የሰይጣን ቤት" ብሎት ነበር። አያቴም እስከመጨረሻው ከዚህ ስም አልወጣችም። "ከሰይጣን ቤት መጣህ?" ትለኛለች። ከዚያ ደግሞ ቀስ ብላ "ምን ሆነ? ልጅቷን አገባት?"

አንድ እንቁጣጣሽ ሁለት ፊልም በተከታታይ አይቼ ስወጣ ጨልሟል። ቤት ስደርስ ዶሮ ወጡ አልቋል። ቅንጣቢ ነው የጠበቀኝ። እማዬ ሳትቆጣ "አክተርህ ያብላህ" አለችኝ። ከቁጣ የባሰ ነበር።

ከዚያ ቪዲዮ ቤት መጣ። ቆርቆሮ በቆርቆሮ የሆነ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ። ዋጋው 50 ሳንቲም። ድምፁን በስፒከር ወደ መንገድ ይለቁታል፤ በጋሪ የሚያልፈው ሰውዬ ሳይቀር ጥይቱን ይሰማል። እዚያ ውስጥ እንግሊዝኛ "የሚችል" አንድ ልጅ ነበር። በነጻ ይገባል፤ ሥራው መተርጎም ነው። "አባትህን የገደለው አጎትህ ነው እያለው ነው" ይላል። ከኋላ አንዱ ደግሞ በኦሮምኛ ለጓደኛው ያቀብላል። አድገን እንግሊዝኛ ስንለምድ ነው ልጁ ግማሹን ከራሱ እንደሚፈጥረው የገባን። አልተቀየምነውም።

ሲኒማ ቤቱ ከዚያ ወዲያ ተዳከመ። በ1990ዎቹ የአማርኛ ፊልም በቪዲዮ ካሜራ እየተሠራ በብዛት ሲወጣ ለጥቂት ዓመታት ነፍስ ዘራ። ሰልፍ ተመልሶ ነበር። በኋላ አዳራሹ መጋዘን ሆነ። ለበዓል የሚመጣ ሽንኩርት አንዳንዴ እዚያ ይራገፋል ሲሉ ሰማሁ። ሄጄ አላየሁትም፤ ማየትም አልፈልግም።

ገዳዩ ማነው? አንዱ ቴሌቪዥን ይላል፣ አንዱ ስልክ። ኮሮናም አለ፤ መጋቢት 2012 ላይ አዳራሽ ሁሉ ሲዘጋ ብዙው ዳግም አልከፈተም። የፍጥነት መንገዱንም የሚከስሱ አሉ። ያለው ሰው በአንድ ሰዓት አዲስ አበባ ገብቶ ሞል ውስጥ በሚያብረቀርቅ አዳራሽ አይቶ ለእራት ይመለሳል።

የኔ ሐሳብ ትንሽ ይለያል። የዚያ ሲኒማ ቤት ባለውለታ የቤታችን ጥበት ነው። ለስምንት ሁለት ክፍል ነበረን። በዓል ሲመጣ ዘመድ ይጨመርበታል። ሳሎን የሚባለው ማታ መኝታ ነው። ስለዚህ ልጁም፣ ወጣቱም፣ ሚስቱ የተቆጣችውም ሲኒማ ቤት ይገባል። ያ ጨለማ ክፍል የሰፈሩ ሳሎን ነበር። ሰው ቀስ በቀስ የራሱን ሳሎን ሠራ። ሶፋ ገባ፤ ዲሽ ተተከለ። ቃና በ2008 ሲመጣ እማዬ ከሶፋዋ የሚያነሳት ጠፋ። ሳሎን ያለው ሰው ሲኒማ ቤት ምን ሊያደርግ ይሄዳል?

አሁን ደግሞ ዙሩን ተመልከቱ። የዛሬ ወጣት ሰርቪስ ቤት ነው የሚከራየው፤ አልጋና ምድጃ ጎን ለጎን። ቅዳሜ ከሰዓት ወዴት ይሄዳል? ዲኤስቲቪ ቤት። ያው አግዳሚ ወንበር፣ ያው ላብ፣ ያው ጩኸት። ባለፈው አንዱ ጋ ገባሁ። ግድግዳውን አወቅሁት፤ የድሮው ቪዲዮ ቤት ነው። አጠገቡ የቤቲንግ ሱቅ ተከፍቷል። ይሄኛው አልጣመኝም። እኛ ስንከራከር የከሰርነው ድምፃችንን ነበር። እነዚህ ልጆች ጎል ሲገባ ግማሾቹ ዝም ይላሉ፤ ኪሳቸው ነው የተሸነፈው።

አምና ለእንቁጣጣሽ አንድ ነገር ሞከርኩ። ግቢያችን ውስጥ ነጭ አንሶላ ወጠርን። ጓደኛዬ ፕሮጀክተር አዋሰኝ። ለልጆች የሚሆን ፊልም መረጥኩ። 20 ያህል ልጅ መጣ፤ ከኋላቸው እናቶቻቸው በርጩማ ይዘው። አንሶላው በነፋስ ይወዛወዛል፤ የአክተሩ ፊት ይረዝማል፣ ያጥራል። ልጆቹ ሞቱ በሳቅ። ልክ ግማሹ ላይ መብራት ጠፋ።

ፉጨት! እኔ ጋሼ ኦፕሬተር ሆኜ ቁጭ አልኩ። መብራቱ አልመጣም። "ጋሼ፣ መጨረሻውን ንገረን" አሉኝ። ጀመርኩ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳልሄድ አንዲት ልጅ "አይደለም! እሱ እኮ ወንድሙ ነው። ቲክቶክ ላይ በትርጉም አይቼዋለሁ" አለች። "በይ አንቺ ጨርሺው" አልኳት። ተነስታ ቆማ፣ እየተወነች፣ ድምፅ እየቀየረች ጨረሰችው። አንዳንዱን ከራሷ እንደጨመረች እርግጠኛ ነኝ። ሲያልቅ መብራት መጣ። ማንም "ክፈተው" አላለኝም።

ዘንድሮም አንሶላው ታጥቧል። አዳማ ያላችሁ፣ ቤቴን የምታውቁ፣ ዛሬ ማታ 1 ሰዓት በርጩማችሁን ይዛችሁ ኑ። ፈንዲሻ ከኛ፣ ሸንኮራ ከናንተ። ጄኔሬተር አላገኘሁም። መብራት ከጠፋ ግን ልጅቷ እመጣለሁ ብላለች።

መልካም አዲስ ዓመት!