የእኛ ዝናብ የተለካባት ከተማ

ካይሮ የገባሁት ከጥምቀት በኋላ፣ ሊመሽ ሳይሆን መሽቶ ካለቀ በኋላ ነው። የታክሲው ሾፌር ቆጣሪውን በጨርቅ ሸፍኖታል። "አታስቢ፣ እንስማማለን" አለኝ። ከየት እንደመጣሁ ሲሰማ መንገዱን ሙሉ ስለ ግድቡ ጠየቀኝ፤ ጅዳ ስሠራ በለመድኩት አረብኛ የቻልኩትን ያህል መለስኩለት። ከአንድ ወንዝ የምንጠጣ ቤተሰቦች ነን እያለ ሲምል ቆይቶ መሐል ከተማ ስንደርስ የጠየቀኝ ሂሳብ፣ ሆቴሉ ውስጥ ተገቢው ነው ከተባልኩት ከእጥፍ በላይ ነበር። የከፋኝ በገንዘቡ አይደለም። ቤተሰብ ብሎ የጠራኝ ሰው በዚያው አፉ እንዲህ ማድረጉ ነው።

ሌሊቱም አልተሻለም። ክፍሌ ወደ ዋናው ጎዳና የሚያይ ሲሆን የካይሮ ሾፌር በጥሩምባ የማይናገረው ነገር የለም፤ ሰላምታውም ቁጣውም ምስጋናውም በጥሩምባ ነው። የጥር ብርድ በመስኮቱ ይገባል፣ ማሞቂያ የለም፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ብጠይቅ "ነገ" አሉኝ። ጠዋት ከጋሪ ላይ የበላሁት ፉል ግን ሁሉንም አስረሳኝ። ሚጥሚጣና ቃሪያ የለበትም፤ ሎሚ፣ ከሙንና ዘይት ብቻ ነው፤ ጣፋጭ ነበር።

ፒራሚዶቹን አይቻለሁ። ብዙ ሰው ጽፎባቸዋል፤ የእኔ ልብ የቀረው በሰፈሮቹ ነው።

ወደ ጥንታዊቱ ካይሮ በምድር ውስጥ ባቡር ሄድኩ። በ1987 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ሥራ የጀመረና በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። ከሳዳት ጣቢያ ማር ጊርጊስ ድረስ ስምንት ፓውንድ ከፈልኩ። መሐል ላይ ለሴቶች ብቻ የተለዩ ፉርጎዎች ስላሉ እዚያ ገባሁ፤ አንዲት እናት ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝ። ማር ጊርጊስ የእኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ከጣቢያው ሲወጡ የባቢሎን የሚባለው የሮማውያን ምሽግ ፊት ለፊት ይቆማል። ተንጠልጣይዋ የድንግል ማርያም ቤተ ክርስቲያን በዚህ ምሽግ በር ላይ የተሠራች ስለሆነች ወለሉ ላይ በተገጠመ መስታወት ቁልቁል ማየት ይቻላል። ጎብኚው ሁሉ ከነጫማው ይገባል፤ ኮፕቶቹ ጫማ የሚያወልቁት ወደ መቅደሱ ሲገቡ ነው። እኔ ግን አልሆነልኝም፤ ደጃፍ ላይ አውልቄ በካልሲ ገባሁ፣ ማንም አልከለከለኝም። በስተቀኝ በኩል ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተሰጠ ትንሽ ጸሎት ቤት አለ። እስከ 1951 ድረስ ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ ከግብፅ ሲላክልን እንደኖረ አውቃለሁ፤ ከእኛም ወደዚህ የተሻገረ ቅዱስ መኖሩን በዓይኔ ሳይ ግን እንባዬ መጣ።

ከዚያ በድልድይ ተሻግሬ ወደ ሮዳ ደሴት ጫፍ ሄድኩ፤ የአባይ መለኪያው እዚያ ነው። ከእኔ በቀር ጎብኚ አልነበረም። ጠባቂው በሩን ከፍቶ መብራት አበራልኝ። በ861 በአባሲዱ ከሊፋ በአል ሙተወኪል ዘመን የተሠራ ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ መሐሉ ላይ ስምንት ማዕዘን ያለው የእብነ በረድ ዓምድ ቆሟል፣ ዓምዱ በክንድ በክንድ ተከፋፍሏል፣ ግድግዳውን ታክኮ ደረጃ ይወርዳል። ዙሪያውን ስለ ዝናብና ስለ ቡቃያ የሚናገሩ የቁርኣን ጥቅሶች ተቀርጸዋል። ውሃው ከወንዙ በዋሻ ይገባና በዓምዱ ላይ ከፍ ይል ነበር። አስራ ስድስት ክንድ ከደረሰ የጥጋብ ዓመት ነበር፤ ይታወጃል፣ ከተማው ይጨፍራል፣ የዓመቱ ግብር ይተመን ነበር። ከዚያ ካነሰ ረሃብ ነበር፤ አለቅጥ ከበዛ ደግሞ ግድብና መንደር ይፈርስ ነበር።

ጠባቂው ይህን ሁሉ በፍቅር አስረዳኝ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ግን አላነሳም። እኔ ነገርኩት። ሐምሌና ነሐሴ ጎጃም፣ ወሎና ጎንደር ላይ የሚወርደው ዝናብ በአባይና በተከዜ ተጉዞ ክረምታችን ሊወጣ ሲል እዚህ ይደርስ ነበር። የካይሮ ግብር ሰብሳቢ የሚጠብቀው የእኛን ደመና ነበር ማለት ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1443 ለግብፁ ሱልጣን ጃቅማቅ በኮፕቶቹ ላይ ስለሚደርሰው በደል ሲጽፉለት፣ ወንዙን ከማስቀረት የሚከለክላቸው ፈሪሃ እግዚአብሔር መሆኑን የገለጹትም ይህን አውቀው ነው። ጠባቂው ዝም ብሎ ሰማኝ፤ ከዚያ "እስከ ታች ውረጂ" አለኝ። ታች ድረስ ወረድኩ። ዋሻዎቹ ዛሬ ተደፍነዋል፤ የአስዋን ትልቁ ግድብ በ1970 ካለቀ ወዲህ ጎርፉ ካይሮ አይደርስም፣ ጉድጓዱም ደረቅ ነው። ዓምዱን በእጄ ዳሰስኩት። ከካይሮ ሁሉ አንድ ቦታ ብቻ ምረጪ ብባል ይህን እመርጣለሁ፤ ሐበሻ ሁሉ ቢያየው እወዳለሁ።

በማግስቱ ከመሐል ከተማ ወደ ባብ ዙወይላ በእግሬ ስሄድ ፖርት ሰዒድ ጎዳናን ማቋረጥ ነበረብኝ። ይህ ጎዳና ቀድሞ ቦይ ነበር፤ ውሃው አስራ ስድስት ክንድ ሲሞላ አፈሩ ተንዶ ወንዙ በበዓል የሚለቀቅበት ቦይ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ደፈኑት። ዛሬ የሚጎርፍበት መኪና ነው፤ ለእግረኛ የሚቆም የለም። ጠርዙ ላይ ስመላለስ ጥቁር የለበሱ አሮጊት "ነይ ልጄ" ብለው ክንዴን ያዙና ሰተት ብለው ገቡ። መኪናው ሁሉ ዙሪያቸውን አለፈ፤ እሳቸው ቀና ብለውም አላዩት። ማዶ ስንደርስ ስማቸውን ሳልጠይቃቸው ሄዱ።

ባብ ዙወይላ በ1092 የተሠራ የከተማ በር ነው። በላዩ ከቆሙት የአል ሙአያድ መስጊድ ሚናሮች አንዱን ወጣሁ። ደረጃው ጠባብና ጨለማ ነው፣ ከላይ ግን ካይሮ ቡናማ ሆና ትዘረጋለች፤ ጣሪያው ሁሉ የእርግብ ቤትና የሳተላይት ሳህን ነው። ከበሩ ወደ ደቡብ የድንኳን ሰፊዎቹ ገበያ የአል ኻያሚያ ጣሪያ ይታያል፤ ወርጄ እዚያ ከሰዓቴን ሁሉ አሳለፍኩ። ሰፊዎቹ ከፍ ያለ መደብ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው፣ ባለ ቀለም ጨርቅ እየቆረጡና ጠርዙን በመርፌ እያጠፉ ሸራ ላይ ይሰፋሉ። አንደኛው ሻይ አስመጣልኝና የትራስ ልብስ አሳየኝ፤ ዋጋውን አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። "እህቴ፣ ይህ የሦስት ቀን እጅ ነው፣ ልቀንስ አልችልም" አለኝ። ስፌቱን ገልብጬ አየሁት፣ አመንኩትና የጠየቀውን ከፈልኩ። ጎረቤቱ ጋ በማሽን የታተመ ተመሳሳይ ጨርቅ በሩብ ዋጋ ይሸጣል፤ እዚያ ጎብኚው ይጋፋል፣ እጅ ሰፊው ጋ ግን ሰው የለም። ይህ በጣም ያሳዝናል።

ከባብ ዙወይላ እስከ ሰሜኑ የከተማ በር እስከ ባብ አል ፉቱህ የሚዘልቀውን የሙዒዝን ጎዳና ለመጨረስ ጊዜ አልበቃኝም። ሱልጣን ቀላውን ያሠራው ሕንፃ ዘንድ ስደርስ ሊዘጋ ነበር፤ በ1285 የተጠናቀቀ ነው፣ ሆስፒታልም ነበረው፣ የመቃብር ቤቱን ባለ ቀለም መስኮት ያየሁት ለጥቂት ደቂቃ ነው። እዚያ መሄድ የሚፈልግ ጠዋት ይጀምር፣ የሚመች ጫማ ያድርግ፣ ለታክሲም ከመግባቱ በፊት ዋጋ ይቁረጥ።