ለጋሽ ሴሎቻችሁን አታስርቡ

ገና ስጀምር ይህን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ስንት የአሳማ እንቁላል በከንቱ ባልጠፋ ነበር።

የምሠራው አሜሪካ ውስጥ፣ አሳማ ክሎን የሚያደርግ ላብራቶሪ ነው። አክስቴ ስትሰማ አማተበች። አሁን ለጠየቀኝ ሁሉ «የሕክምና ምርምር ነው» እላለሁ። ውሸትም የለበትም፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ሜሪላንድ ውስጥ ለሰው የተተከለው ልብ የመጣው ጂኑ ከተስተካከለ አሳማ ነው። እንዲህ ያሉ አሳማዎች ደግሞ በአብዛኛው የሚገኙት በክሎኒንግ ነው።

ሥራው በአጭሩ ይህን ይመስላል። ከቄራ ኦቫሪ (የእንስት አሳማ እንቁላል ማፍሪያ) ይመጣል። እንቁላሎቹ ወጥተው እስኪበስሉ ከ42 እስከ 44 ሰዓት ይቆያሉ። ኒውክሊየሳቸው፣ ማለትም ዲኤንኤ የያዘው ክፍል፣ ተመጦ ይወጣና በቦታው ለጋሽ ሴል (ክሎን ከሚደረገው አሳማ የተወሰደ ሴል) ይገባል። በኤሌክትሪክ ይዋሃዳሉ። ከዚያ ብላስቶሲስት (ገና ጀማሪ ፅንስ) እስኪሆን 6 ወይም 7 ቀን መጠበቅ ነው። ይህን ሁሉ እጅ ይለምደዋል።

ጉዱ ያለው ለጋሹ ሴል ላይ ነው። የበሰለ እንቁላል የገባለትን ኒውክሊየስ ሽፋን ያፈርሰዋል። ያን ጊዜ ሴሉ ዲኤንኤውን እያባዛ ከነበረ ክሮሞዞሞቹ ይሰባበራሉ። ስለዚህ መከፋፈል ያቆመ፣ ያረፈ ሴል ያስፈልጋል። የታወቀው ማሳረፊያ ሴረም፣ ማለትም ሴሎቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ (ሚዲያ) ውስጥ የሚጨመረውን ከደም የተገኘ ምግብ፣ ቀንሶ ማስራብ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ክሎኗ በግ ዶሊ የተወለደችው በዚሁ መንገድ ነው። የእኛም ፕሮቶኮል (የአሠራር መመሪያ) «ሴረሙን ወደ 0.5 በመቶ አውርዱ፣ 5 ቀን አቆዩ» ይላል።

አቆየሁ። ውጤቱ ባዶ ማለት ይቻላል። አለቃዬን ስጠይቀው «እጅህ ነው» አለኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ «የበጋው ሙቀት እንቁላሉን አበላሽቶት ነው» አለ። ሴሎቹ የሚያድጉበትን ፍላስክ ግን አንድም ቀን ጎንበስ ብሎ አላየውም።

እኔ አየሁት። ጤነኛ ፋይብሮብላስት (ለጋሽ የምናደርገው የቆዳ ሴል) ቀጭንና ረዥም ነው፤ ጎን ለጎን ተደርድሮ ይተኛል። የእኛዎቹ ጠርዛቸው ተሸብሽቧል፣ ውስጣቸው በጥቋቁር ነጠብጣብ ተሞልቷል፣ ሬሳቸው ላይ ላይ ይንሳፈፋል። ሴሎችን ከፍላስኩ በሚያላቅቀው ኢንዛይም፣ በትሪፕሲን፣ ሲነሱ ገጻቸው እንደ ጎመን ዘር ጉብ ጉብ ይላል። ሴል የምናስገባበት ቀጭን ቱቦ፣ ፒፔቱ ላይ፣ ይጣበቃሉ፣ ስትገፏቸው ይፈነዳሉ። ረሃቡ ሲረዝም ዲኤንኤያቸውም ይቆራረጣል፤ ያን በዓይን አታዩትም።

ከዚያ ሳላስፈቅድ፣ ሞልቶ የተጨናነቀ ግን ያልተራበ ፍላስክ ጎን ለጎን ሞከርኩ። እንቁላሉ ያው፣ ቀኑ ያው፣ ያው «ጥፋተኛ» እጅ። ልዩነቱን ለማየት ማይክሮስኮፕ ላይ ብዙ ማፍጠጥ አላስፈለገም። አለቃዬ ሲያይ ያለው ምን ነበር? «ፕሮቶኮሉ እኮ ታትሞ የወጣ ነው።» አዎ፣ ታትሟል። የታተመው ግን ለፅንስ ሴል ነው፤ የእኛ ከትልቅ አሳማ ጆሮ የተወሰደ ነው! እስካሁን ያበሽቀኛል።

ፕሮቶኮሉ ያለውን ይበል፣ እኔ የምለው ይህን ነው። ሴሎቹ ፍላስኩን ይሙሉት። ሲነካኩ አብዛኞቹ ራሳቸው መከፋፈል ያቆማሉ። አንድ ሁለት ቀን ጨምሩና ተጠቀሙ፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ቆዳ ተልጠው ይነሳሉ። የግድ ማስራብ ካለባችሁ ከ2 ቀን አትለፉ። አሳማ በአንድ ፅንስ እርግዝና አይዝም፤ መጀመሪያ ላይ ቢያንስ 4 ያህል ደህና ፅንስ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ፅንሱን ለምትሸከም አንዲት አሳማ ከመቶ በላይ ፅንስ የሚሰጠው፣ ለዚህም ነው ደካማ ሴል የማያዋጣው።

ግዢ ክፍሉ ርካሽ ሴረም አገኘሁ ብሎ ጠርሙስ ሲቀይርባችሁ ደግሞ በቸልታ አትቀበሉ። መጀመሪያ በትርፍ ሴል ሞክሩት። ሴሎችን የምትበክለውን ጥቃቅን ባክቴሪያ፣ ማይኮፕላዝማንም፣ አስመርምሩ፤ ሚዲያውን ስለማያደፈርሰው በዓይን አይያዝም።